ከአበባው ሥር ያለው መረብ፦ በዊሊያም ሞሪስ መንገድ የሚደጋገም ጥለት አነዳደፍ

እንግሊዛዊው የጥለት ነዳፊ ዊሊያም ሞሪስ በ1862 የመጀመሪያውን የግድግዳ ወረቀት ሲነድፍ ሐሳቡን ያገኘው ከገዛ ግቢው ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በቤክስሊሂዝ ባሠራውና ሬድ ሃውስ በሚባለው ቤት የአትክልት ስፍራ ውስጥ ቀጫጭን እንጨቶች በአራት ማዕዘን ተጋጥመው የቆሙባቸው፣ ጽጌረዳ የሚወጣባቸው መደገፊያዎች ነበሩ። ሞሪስ እንጨቱንም ጽጌረዳውንም እንዳሉ ወደ ወረቀት አመጣቸው፤ በመካከላቸው ያሉትን ወፎች የሣለለት ደግሞ የቤቱ አርክቴክት የነበረው ወዳጁ ፊሊፕ ዌብ ነው። «ትሬሊስ» የተባለው ይህ ንድፍ ከኋለኞቹ ሥራዎቹ አጠገብ ሲቀመጥ የጀማሪ እጅ ይታይበታል፤ ይሁን እንጂ የሞሪስን ሥራ ለመረዳት ከእርሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ከሥር ቀጥ ያለ ሥርዓት አለ፣ በሥርዓቱ ላይ ሕይወት ያለው ተክል ይበቅላል። ሞሪስ ከዚያ በኋላ በነደፋቸው ጥለቶች እንጨቱን ደበቀው እንጂ አልጣለውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1834 በዎልተምስቶ የተወለደው ሞሪስ በ1896 እስኪሞት ድረስ ወደ 50 የሚጠጉ የግድግዳ ወረቀቶችንና ብዙ የታተሙና የተሸመኑ ጨርቆችን ነድፏል። በ1861 ከወዳጆቹ ጋር ያቋቋመው ድርጅት በ1940 ቢዘጋም ጥለቶቹ እስከ ዛሬ በወረቀትም በጨርቅም ይታተማሉ። ቅርሱ ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ቅጠሉንና አበባውን ነው፤ እኔ ግን የሚበልጠው ውርስ አሠራሩ ነው ብዬ አምናለሁ። አበባውን የቀዳ ሰው የሞሪስን አበባ ይዞ ይቀራል፤ አሠራሩን የተማረ ግን ዓይኑ ካረፈበት ከማንኛውም ተክል የራሱን ጥለት ማውጣት ይችላል። ከዚህ በታች የምገልጸው ይህንኑ አሠራር ነው። የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ምላጭ ወይም መቀስ፣ ግልጽ ፕላስተርና ጥቂት የውሃ ቀለም ብቻ ነው።

አስቀድሞ ማየት

እርሳስ ከማንሣትዎ በፊት አንድ የሞሪስ ጥለት ፈትተው ይመልከቱ። ለዚህ የምመርጠው በ1883 የተነደፈውን «ስትሮቤሪ ቲፍ» ማለትም «እንጆሪ ሌባ» የተባለውን ጨርቅ ነው። ሞሪስ ከ1871 ጀምሮ ተከራይቶ በያዘው በኬልምስኮት ማነር የአትክልት ስፍራ ትረሽ የተባሉት ወፎች በእንጆሪው መደብ ላይ ከተዘረጋው መረብ ሥር እየገቡ ፍሬውን ይሰርቁ ነበር፤ ሞሪስም ወፎቹ እንዲነኩ አልፈቀደም፤ ይልቁንም ጥለት አደረጋቸው። በጨርቁ ላይ ወፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ መስተዋት ምስል ትይዩ ቆመዋል፤ አንዱ ጥንድ እንጆሪውን በአፉ ይዟል፣ ሌላው ጥንድ አፉን ከፍቶ ይዘምራል። በዙሪያቸው ያለው ቅጠል፣ ሐረግና አበባ እጅግ የበዛ ከመሆኑ የተነሣ ዓይን በመጀመሪያ ምንም ሥርዓት አያገኝም።

ሥርዓቱን ለማግኘት የጥለቱን ምስል በወረቀት አትመው ስስ ወረቀት ያንጥፉበት። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እና በዎልተምስቶ የሚገኘው የዊሊያም ሞሪስ ጋለሪ ብዙ ሥራዎቹን በድረ ገጾቻቸው ያሳያሉ። ከዚያም አንዲት ትንሽ ነገር ይምረጡ፤ ለምሳሌ በአንድ ወፍ ምንቃር ውስጥ ያለችውን እንጆሪ። በእርሷ ላይ ነጥብ ያኑሩ፤ ተመሳሳይዋ ወደ ጎንም ወደ ታችም ቀጥሎ የት እንደምትገኝ ፈልገው በእያንዳንዷ ላይ ነጥብ ያድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ጥለቱ የመስተዋት ምስል ስላለው ወደ ግራ የሚያይ ወፍ ከመረጡ ቀጣዩም ወደ ግራ የሚያይ መሆን አለበት፤ ወደ ቀኝ የሚያየውን ከቆጠሩ የአሃዱን፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሄደውን የአንዱን ክፍል፣ ስፋት ያሳስታሉ። ነጥቦቹን በመስመር ሲያገናኙ ከአበባው ሥር የተሰወረው መረብ ይወጣል፤ የአንዱ ሕዋስ ይዘት የድግግሞሹ አሃድ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእርሱ ቅጂ ነው።

ይህንን በሦስትና በአራት ጥለቶች ላይ ቢደግሙት ዓይንዎ ይሠለጥናል። በ1876 የተነደፈው «ፒምፐርኔል» ለመስተዋት ሥርዓት፣ በ1883 እና በ1884 የመጡት «ኢቨንሎድ» እና «ዋንድል» ደግሞ በሰያፍ ለሚወጣ ግንድ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። በነገራችን ላይ በሞሪስ ስም የሚሸጥ ጥለት ሁሉ የእርሱ እጅ ሥራ አይደለም። «ሃኒሰክል» የተባለው የግድግዳ ወረቀት የልጁ የሜይ ሞሪስ ነው፤ «ጎልደን ሊሊ» እና «ብላክቶርን» ደግሞ በ1878 ወደ ድርጅቱ ገብቶ ኋላ ዋና ነዳፊ የሆነው የጆን ሄንሪ ዲርል ናቸው። ይህን መለየት ለክብራቸው ብቻ ሳይሆን ለትምህርትም ይጠቅማል፤ አንድ አሠራር በሦስት ሰዎች እጅ እንዴት ሦስት መልክ እንደሚይዝ ማነጻጸር ይቻላልና።

ተክሉን ማወቅ

ሜይ ሞሪስ እንደምታስታውሰው፣ አንድ ቀን ከአባቷ ጋር በኬልምስኮት አጠገብ ወደ ቴምስ በሚወርደው ትንሽ ጅረት ዳር ሲሄዱ አባቷ የአኻያውን ቅጠል መልክና ልዩነት እያመለከተ አሳያት፤ ብዙም ሳይቆይ በ1887 የወጣው «ዊሎው ባውስ» የተባለው ወረቀት ተሠራ። ወረቀቱን በቅርብ ሲያዩት የዚያ ዕለት ትኩረት ይታያል። ቅጠሎቹ ሁሉ የአኻያ ቅጠሎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ሙሉ ፊቱን ያሳያል፣ ሌላው በጎኑ ታጥፎ ቀጭን መስመር ይሆናል፣ ሌላው ጫፉ ይጠመዘዛል፣ አንዱም ከሌላው ሥር ገብቶ ግማሹ ብቻ ይታያል።

ስለዚህ አንድ ተክል ብቻ መርጠው በፊትዎ ያስቀምጡ፤ ከፎቶግራፍ አይጀምሩ። እንቡጡን፣ የተከፈተውን አበባ፣ በጎን የታየውን አበባ፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ለየብቻ ይሣሉ። መጋጠሚያው ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ አንድ ጥለት ሕያው ወይም የሞተ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከዚያም እያንዳንዱን ሥዕል በስስ ወረቀት ላይ እንደገና ይሣሉት፤ በዚህ ጊዜ ጥላውንና ጭረቱን ይተዉ፣ ጥርት ያለውን ዙሪያ መስመር ብቻ ያስቀሩ። ሞሪስ ለጌጥ ሁሉ በጽኑ መስመር የተከበበ ቅርጽ ግድ መሆኑን አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ ለዚህም የሙያ ምክንያት አለው፦ ንድፉ በእንጨት ላይ የሚቀረጽ ነው፣ የቀራጩም ቢላ ያልተወሰነ ጠርዝ ሊከተል አይችልም።

መረቡን መዘርጋት

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራው ልብ ነው። ሞሪስ በ1881 ስለ ጥለት አነዳደፍ ባደረገው ንግግር ከአንድ ጥለት የሚፈለጉት ውበት፣ ምናብና ሥርዓት መሆናቸውን ገልጿል፤ ሥርዓት ከሌለ ሁለቱ ሊኖሩ እንደማይችሉም አስረድቷል። «ሥርዓት» ብሎ የጠራውም ይህንን መረብ ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ ሦስት ዓይነት መረቦችን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው ቀጥተኛው ድግግሞሽ ነው፤ አሃዶቹ እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎንና አንዱ በአንዱ ሥር ይደረደራሉ። ሁለተኛው የመስተዋት ድግግሞሽ ነው፤ የአሃዱ ግራ ግማሽ የቀኙ ግልባጭ ይሆናል፤ ክብርና እርጋታ ይሰጣል፤ ካልተጠነቀቁለት ግን ይደርቃል። ሦስተኛው በግማሽ ዝቅ የሚል ድግግሞሽ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ከጎረቤቱ በአሃዱ ቁመት ግማሽ ዝቅ ይላል። አሃዱ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው የሚቀጥለው ዓምድ 10 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይጀምራል ማለት ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ሦስተኛውን ነው፤ አበቦቹ በአግድም መስመር ላይ ስለማይሰለፉ ዓይን በሰያፍ ይጓዛል፤ አሃዱም ካለው ስፋት የበለጠ ሰፊ ሆኖ ይታያል።

20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ወረቀት ቆርጠው በመካከሉ ላይ ዋናውን አበባና በዙሪያው ያለውን ቅጠል ይሣሉ፤ ሥዕሉ በየትኛውም ዳር እንዳይነካ ያድርጉ። ከዚያም ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች በመካከል ይቁረጡት። ቀኙ ግማሽ እንዳለ ይቀመጥ። ግራውን ግማሽ ግን በአግድም ለሁለት ይክፈሉና የላዩን ቁራጭ ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ያዛውሩት፤ ሁለቱን በጀርባ በፕላስተር ካያያዙ በኋላ ከቀኙ ግማሽ በስተቀኝ ያጋጥሙት። አሁን ሥዕልዎ ተበትኗል፤ በመካከል ባዶ ስፍራ ተከፍቷል። ያንን ባዶ ስፍራ ከአበባው በሚወጣ ግንድ፣ ቅጠልና እንቡጥ ይሙሉት፤ አሁንም ወደ ውጪው ዳር አይድረሱ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ሁሉ በአግድም በመካከል ቆርጠው ላዩን ከታቹ ያለዋውጡና የቀረውን ክፍተት ይሙሉ። በዚህ መልክ የተሠራ አሃድ በየዳሩ ከራሱ ቅጂ ጋር ሳይዛነፍ ይገጥማል። ሞሪስ ራሱ ወረቀት እየቆረጠ ሠራ ማለቴ አይደለም፤ ዘዴው መረቡ በእጅ እንዲዳሰስ ስለሚያደርግ ለመማር ያመቻል።

ባዶውን ስፍራ ሲሞሉ አንድ ሕግ ይጠብቁ፦ ምንም ነገር በአየር ላይ አይንሳፈፍ። እያንዳንዱ ቅጠል ከቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፉም ከግንድ መውጣት አለበት፤ መውጫውም ተክሉ በሚያድግበት አቅጣጫ ያዘነበለ ይሁን እንጂ በቀጥተኛ ማዕዘን የተሰካ አይሁን። ጣትዎን በአንድ ቅጠል ጫፍ ላይ አሳርፈው ወደ ኋላ ይከተሉት፤ ጣትዎ ሳይነሣ እስከ ዋናው ግንድ ከደረሰ ሥራው ትክክል ነው። ከተቋረጠ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። የሞሪስን ጥለት ከብዙ አስመሳዮቹ የሚለየው ይህ ይመስለኛል፤ አስመሳዩ ሥራ አበባ በአበባ ላይ የተደፋበት ነው፣ የሞሪስ ግን ቢበዛም ቢጠላለፍም መነሻ አለው።

መደቡን መሙላት

ግንዱና አበባው ካለቀ በኋላ በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ መደብ ራሱን የቻለ ቅርጽ አለው፤ ጀማሪ የሚዘነጋው ይህንን ነው። ወረቀቱን ከፊትዎ ሁለት ሜትር ያህል አርቀው ዓይንዎን ግማሽ በመጨፈን ይመልከቱት፤ ሰፊ ባዶ ስፍራዎች እንደ ቀዳዳ ብቅ ይላሉ። ቀዳዳው በአንዱ አሃድ ላይ ትንሽ ቢመስልም በግድግዳ ላይ መቶ ጊዜ ሲደጋገም መስመር ይሠራል።

ሞሪስ ለዚህ የተጠቀመበት መፍትሔ ሁለተኛ ጥለት ከመጀመሪያው ሥር ማብቀል ነው። «ቱሊፕ ኤንድ ዊሎው» በተባለው ንድፍ ትልልቆቹ አበቦች ከፊት ሲቆሙ ቀጫጭን የአኻያ ቅጠሎች ከኋላቸው መደቡን ይሸፍናሉ። የኋላው ጥለት ከፊተኛው ያነሰ፣ የሳሳና በቀለም ለመደቡ የቀረበ ነው፤ በመሆኑም ጥልቀት ይሰጣል፣ መረቡንም ይሰውራል። በ1875 በተነደፈው «አካንተስ» ደግሞ የተጠማዘዙት ትልልቅ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ተደራርበው መደቡን ይሞላሉ፤ ይህንን ጥልቀት ለማግኘት 15 ቀለሞችና 30 የማተሚያ እንጨቶች አስፈልገዋል። እርስዎ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግዎትም። በስስ ወረቀት ላይ አንድ ትንሽ ቅጠል ያለው ሐረግ ሠርተው ከዋናው ሥዕል ሥር ያስገቡት፤ ከዋናው ግንድ ጋር ተመሳሳይ አቅጣጫ ከያዘ ይጠፋል፣ ስለዚህ ተቃራኒውን እንዲይዝ ያድርጉት።

ቀለም

ሞሪስ ስለ ቀለም የተማረው በውድቀት ነው። «ቱሊፕ ኤንድ ዊሎው»ን በ1873 ሲነድፍ ያሰበው ኢንዲጎ በተባለው ከተክል የሚገኝ ሰማያዊ ማቅለሚያ እንዲታተም ነበር፤ የማተሚያ ቤቱ ግን ፕሩሺያን ብሉ በተባለው ሰው ሠራሽ ሰማያዊ ቀለም አትሞ መለሰለት፤ ውጤቱም አሳዘነው። በዚያን ዘመን በ1856 የተገኘው አኒሊን የሚባለው የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የጨርቅ ማቅለሚያና ተከታዮቹ ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር፤ እነርሱ ደግሞ ብዙዎቹ ለዓይን የሚጮኹና በፀሐይ የሚለቁ ነበሩ። ሞሪስ በሊክ ከተማ ወደነበረው አቅላሚ ቶማስ ዋርድል ሄዶ እጁን በገንዳ ውስጥ እየነከረ የድሮውን የተክል ማቅለሚያ አጠና። በ1881 በዋንድል ወንዝ ዳር በመርተን አቢ የራሱን መሥሪያ ቤት ከከፈተ በኋላ፣ በ1883 ያ ጥለት መጀመሪያ በታሰበለት መንገድ ታተመ። ከንድፍ እስከ ጨርቅ 10 ዓመት መጠበቅ ማለት ነው።

በመርተን አቢ የተሠራው ዘዴ እንደ ሐሳብ እንኳን ሊጠና የሚገባው ነው። ጨርቁ በሙሉ አስቀድሞ በኢንዲጎ ይነከራል፤ ከዚያም ሰማያዊውን የሚያነጣ ውሕድ በእንጨት ማተሚያ ይታተምበታል። ውሕዱ ብርቱ ከሆነ ሰማያዊው ፈጽሞ ለቆ ነጭ ይተዋል፤ ከሳሳ ፈዛዛ ሰማያዊ ያስቀራል። ከዚህ በኋላ ቀዩና ቢጫው በየተራ ይጨመራሉ፤ ቢጫው በነጩ ላይ ሲያርፍ ቢጫ፣ በፈዛዛው ሰማያዊ ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ይሆናል። በ«እንጆሪ ሌባ» ላይ የሚታየው ያ የሰከነ አረንጓዴ የዚህ ድርብርብ ውጤት ነው። አንድን ጨርቅ ለመጨረስ ቀናት ይፈጅ ነበር።

ይህንን በውሃ ቀለም ይሞክሩት። በአንድ ወረቀት ላይ የቅጠሎቹን ስፍራ በፈዛዛ ሰማያዊ ቀብተው በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያም ስስ ቢጫ በቅጠሉም በአበባውም ላይ ያሳልፉ። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አበባው ቢጫ ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ቢጫ ስለሚጋሩም ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ። ከጥቁር ሰማያዊ መደብ ጋር አንድ ቀይ ቢጨመር በቂ ነው። ከአራት ቀለም በላይ የሚጠይቅ የመጀመሪያ ጥለት ብዙ ጊዜ ቀለሙ ሳይሆን መስመሩ የጎደለው ነው።

ማተም

የሞሪስ የግድግዳ ወረቀቶች የሚታተሙት በለንደን በጄፍሪ ድርጅት፣ ከፒር ዛፍ እንጨት በተቀረጹ ማተሚያዎች ነበር። ሞሪስ መጀመሪያ በዚንክ ሰሌዳ ራሱ ለማተም ሞክሮ ስላልተሳካለት ሥራውን ለባለሙያዎቹ ሰጠ። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማተሚያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይታተምም። በቤት ውስጥ ሊኖሊየም የተባለውን በቀላሉ የሚቀረጽ የወለል ንጣፍ ቆርጦ ማተም ይቻላል፤ ምስሉ ተገልብጦ መቀረጽ እንዳለበት አይዘንጉ፤ በየማዕዘኑም ትንሽ ምልክት ይተዉ፤ የሚቀጥለው ቀለም በዚያ ምልክት ላይ ሲያርፍ ይገጥማል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ የሚገባኝ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የነበረው አረንጓዴ ቀለም ብዙ ጊዜ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ነበረበት፤ የሞሪስ የቀድሞ ወረቀቶችም ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ በ2003 በወጣ ምርመራ በጥንታዊ «ትሬሊስ» ወረቀት ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ የግድግዳ ወረቀት ቢያገኙ አይፋቁት፣ በእርጥብ እጅም አይንኩት፤ ለማጥናት ምስሉ ይበቃል።

በግድግዳ ላይ መፈተን

አሃዱ ሲያልቅ ቢያንስ 12 ቅጂ ያባዙ፤ በሦስት ዓምድ፣ በየዓምዱ አራት አራት አድርገው፣ መካከለኛውን ዓምድ በግማሽ አሃድ ዝቅ አድርገው በግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ጠረጴዛ ላይ ያማረው ጥለት እዚህ ሌላ መልክ ያወጣል። በብዛት የማየው ጉድለት አንድ አበባ ከሌሎቹ ጎልቶ በሰያፍ ሰልፍ ሲሠራ ነው፤ መፍትሔው አበባውን ማሳነስ ሳይሆን በአጠገቡ ሌላ አበባ ወይም ጠቆር ያለ ቅጠል ጨምሮ ጉልበቱን ማካፈል ነው። ጥለቱ የሚያደክም መስሎ ከታየዎት ደግሞ ለማሳነስ አይቸኩሉ፤ ሞሪስ ትልቅ ጥለት በሚገባ ከተነደፈ ከትንሹ ይልቅ ዓይንን እንደሚያሳርፍ ያስተምር ነበር። አሃዱን ከ20 ወደ 40 ሳንቲ ሜትር አሳድገው እንደገና ይለጥፉት።

ሌሊቱን እዚያው ይደር። ጠዋት ወደ ክፍሉ ሲገቡ ዓይንዎ መጀመሪያ ያረፈበትን ቦታ በእርሳስ ያክብቡ፤ ቀጥሎ መታረም ያለበት እርሱ ነው።